የአትሌት ያለምዘርፍ የኋላው የሩጫ ዘመን በምን ይመዘን?

የአንድ ሯጭ ታላቅነት የሚለካው በሰዓት ነው፣ በአንደኝነት ወይስ በሜዳሊያ? በኢትዮጵያ ልማድ መልሱ አጭር ነው፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላጠለቀ አትሌት ስሙ ቶሎ ይረሳል። በአማራ ክልል የተወለደችው አትሌት ያለምዘርፍ የኋላው ታሪክ ግን ይህ ሚዛን ጎደሎ መሆኑን ያሳያል።

አትሌቷ እ.ኤ.አ. በ2020 በፖላንድ ግዲኒያ በተካሄደው የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። ከአሸናፊዋ ኬንያዊት ፔሬስ ጄፕቺርቺር የለያት 3 ሰከንድ ብቻ ነበር። ደረጃዋን ብቻ ያየ ሦስተኛ ወጣች ይላል፤ ልዩነቱን ያየ ግን ለወርቁ የቀረበች ተወዳዳሪ መሆኗን ይረዳል።

ሰዓትም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። በነሐሴ 2021 በሰሜን አየርላንድ አንትሪም ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ስታጠናቅቅ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ18 ሰከንድ ፈጥናለች። ሆኖም መንገዱ ዳግም ሲለካ 54 ሜትር ጎድሎ በመገኘቱ ውጤቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። በእሷ ፍጥነት 54 ሜትር የ10 ሰከንድ ያህል ሩጫ ነው፤ ቢጨመርበትም ክብረ ወሰኑን ታሻሽል ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ግምትን አይቀበልም። በቡሬ ገበያ ኩንታሉ ጎድሎ የተገኘ እህል በሙሉ ዋጋ እንደማይሸጥ ሁሉ፣ የጎደለ መንገድም የተሟላ ሰዓት አይሰጥም።

ጥርጣሬውን ያስወገደችው በእግሯ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በቫሌንሲያ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሮጠች። የዕለቱ ክብረ ወሰን ግን የሌላዋ ኢትዮጵያዊት የለተሰንበት ግደይ ነበር፤ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ያለምዘርፍ በየካቲት 2022 በስፔን ካስቴሎን 10 ኪሎ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ በመሮጥ የራሷን የዓለም ክብረ ወሰን ጨበጠች።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሐምቡርግ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ በማሸነፍ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ያዘች። በጥቅምት ደግሞ በለንደን በመንገድ ላይ ወድቃ ከተነሣች በኋላ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈች። በ23 ዓመቷ በለንደን ሴቶች ማራቶን በዕድሜ ትንሿ አሸናፊ ሆነች። በ2024 አምስተርዳምን በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ስታሸንፍ የግል ምርጥ ሰዓቷን አሻሽላለች።

በሚዛኑ ሌላ ወገን ያለውም መታየት አለበት። የማራቶን ብሔራዊ ክብረ ወሰኗን ትዕግሥት አሰፋ በአምስት ወር ውስጥ ነጥቃታለች፤ የ10 ኪሎ ሜትሩም በ2024 ተሻሽሏል። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒኮች አልተሳተፈችም። ይህ ግን የድክመት ብቻ ምልክት አይደለም፤ በማራቶን አንዲት ሀገር የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሯጮችን በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያውያን ከምርጫው ማለፍ ራሱ ከባድ ውድድር ነው።

ጉዳዩ ለምዕራብ ጎጃም ቤተሰቦች ሩቅ ወሬ አይደለም። ፍኖተ ሰላም 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ አየሩ ለረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ የሚመች ነው። ሆኖም ልጅ ከትምህርቷ ጋር ሩጫን ትቀጥል ወይስ ትተው የሚለው ውሳኔ በአንድ የትምህርት ቤት ውድድር ደረጃ ብቻ ከተወሰነ ሚዛኑ ይዛባል። ርቀቱ በትክክል ተለክቷል ወይ? ከአንደኛዋ ያላት ልዩነት ስንት ነው? በዓመት ውስጥ ምን ያህል አሻሻለች? ከወደቀችበት እንዴት ተነሣች? ወላጅም መምህርም እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ «አይሆንላትም» ማለት የለበትም፤ ለአንድ ድል ብሎም ትምህርቷን ማስተው አይገባም።