«ፊልም ነው እኮ!» አትበሉኝ

ጓደኞቼ የጦርነት ድራማ ከእኔ ጋር ማየት አቁመዋል። «ቆይ፣ ቅድም ጠመንጃውን በግራ እጁ አልነበር እንዴ የያዘው?» ባልኩ ቁጥር ትራስ ይወረወርብኛል። ትራሱን ተከትላ ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ፊልም ነው እኮ!»

ዛሬ ጠቤ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የማልጣላበትን ልናገር። «ማሽ» የሚባለው የአሜሪካ ድራማ ስለ ኮሪያ ጦርነት ነው። ጦርነቱ የፈጀው ሦስት ዓመት (1950–1953)፣ ድራማው 11 ዓመት (1972–1983)! ጊዜው ከየት ተገኝቶ ይጋጠም? ኮሎኔል ፖተር ወደ ካምፑ የመጡት በመስከረም 1952 ነው ተባልን፤ በኋላ በወጣ ክፍል ደግሞ እኚሁ ሰውዬ የ1951ን አዲስ ዓመት እዚያው ካምፕ ሲቀበሉ አየናቸው። ሐኪሙ ሆክአይም መጀመሪያ አካባቢ በደብዳቤ ለእናቱና ለእህቱ ሰላምታ ይልካል፤ ቆይቶ እናቱ በልጅነቱ የሞቱበት፣ እህት የሚባል የሌለው ብቸኛ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይሁን። ሆክአይ የተፈጠረ ሰው ነው፤ በሌለች እናት ሞት ለቅሶ የሚቀመጥ ጎረቤት የለም። ስቀን እናልፋለን።

«ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» ላይ ግን አልስቅም። ኤችቢኦ በ2001 ያሳየው ይህ ባለ 10 ክፍል ድራማ ስለ እውነተኛ ወታደሮች ነው፤ ያውም በእውነተኛ ስማቸው። ሦስተኛው ክፍል አልበርት ብላይዝ የሚባለውን ወጣት ይከተላል። ልጁ ኖርማንዲ ላይ ይፈራል፣ ይዋጋል፣ ይመታል። መጨረሻ ላይ ጽሑፍ ይመጣል፦ ብላይዝ ከቁስሉ ሳያገግም በ1948 ሞተ።

አልሞተም! አገግሞ በውትድርናው ቀጥሏል፤ ኮሪያም ዘምቷል። የሞተው በ1967፣ ጀርመን ውስጥ፣ ገና በሥራ ላይ እያለ ነው። ድራማው የሰውየውን 19 ዓመት በአንድ መስመር ሰረዘው።

እንዴት? የጦር ጓዶቹ ሞቷል ብለው ያምኑ ነበር። ክፋት የለበትም። ግን ጋዜጠኝነት ስንማር ገና ከበሩ የሚነገረን ነገር አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን አጣሩ፤ «ሞተ» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ሁለቴ አጣሩ። የዓይን እማኝ አለ ማለት ነገሩ ተጣርቷል ማለት አይደለም። ተዋናዮቹ እውነተኛ ወታደር እንዲመስሉ ቀረጻው ሳይጀመር የውትድርና ሥልጠና ወስደዋል። ለአረማመዱ ይህን ያህል ከተለፋ፣ ለሞት ቀኑ አንድ መዝገብ የሚገልጥ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሰውየው እኮ የተቀበረው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ነው። የመቃብር ድንጋይ ማንበብ ይህን ያህል ከበደ?

ለእኛ ለስህተት ለቃሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። የታንክ ሞዴልና የኮት ቁልፍ ስንቆጥር እናመሻለን፤ ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን በማይንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ በሐዘን ሙዚቃ ታጅቦ ያልፈናል። ቁልፉ የተሳሳተ ኮት አያዝንም። ዘመድ ያለው ሰው ግን ሳይሞት ሲሞት የሚያዝን አለ።

ይሄ ሁሉ ለፈረንጅ ድራማ ነው እንዳትሉኝ። ብላይዝ በዘመተበት በዚያው የኮሪያ ጦርነት የእኛም ቃኘው ሻለቃ ነበረ፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። አንድ ቀን ስለ እነሱ ዘለግ ያለ ድራማ እንደሚሠራ ተስፋ አለኝ። የመለዮው ቀለም ቢሳሳት እነጫነጫለሁ፣ ከዚያ እረሳዋለሁ። ግን በሕይወት የተመለሱን አባት «ወደቁ» ብሎ፣ የወደቁትን «ተመለሱ» ብሎ ቢጽፍስ? ያን ቀን ሳሎን ቁጭ ብላ የምታይ የልጅ ልጅ ትኖራለች። አጠገቧ ሆኖ «ፊልም ነው እኮ!» የሚላት ካለ፣ ትራሱን የምወረውረው እኔ ነኝ።