በሕሙማን አልጋ አጠገብ

በሲጋራ ሱስ የታሰረ ሰው በልብ ወይም በሳንባ ደዌ ተይዞ ወደ ሆስፒታል በገባ ጊዜ፣ ሐኪሙ ሕመሙን አስታግሶ ሱሱን ሳይነካ ቢያሰናብተው፣ ፈውሱን ምሉእ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ይህንንም እትም የእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ለጀመሩት ሥራ የሰጠነው ስለዚሁ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች የተኙትን ሕሙማን መርምረው ሲጋራና የሳንባ ካንሰር ያላቸውን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1950 ካስታወቁ በኋላ፣ በሆስፒታል ለሚተኛ አጫሽ ሁሉ ማጨስን የማቆሚያ ሕክምና በሕዝብ ገንዘብ እንዲቀርብለት የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በዕቅዱ የጻፈው በ2019 መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ሥራው ረቂቅ አይደለም። በካናዳ የኦታዋ የልብ ሕክምና ተቋም እንደ ጀመረው ሥርዓት፣ ሕመምተኛው ገና ሲገባ ማጨሱ ተጠይቆ ይመዘገባል፤ የኒኮቲን ፕላስተር ክንዱ ላይ ይለጠፍለታል፤ አማካሪም አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያነጋግረዋል፤ ወደ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ ክትትሉ አይቋረጥም። ተግሣጽ ብቻ እንጂ መድኃኒት ያልቀረበለት በሽተኛ፣ የጉሉኮስ መስቀያውን እየገፋ፣ በሆስፒታል ልብሱ ብቻ በብርድ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያጨስ ያየ ሰው፣ ይህን ሁሉ ትርፍ ወጪ ነው አይልም።

የሚያሳስበን ገንዘቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በእንግሊዝ አገር ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠው የሕዝብ ጤና በጀት ሲቀነስ፣ አጫሾችን የሚረዱ አገልግሎቶች በየስፍራው ተዳክመዋልና፣ የሆስፒታሉም ሕክምና በየዓመቱ የሚለመን ችሮታ ሳይሆን፣ እንደ ማደንዘዣና እንደ ራጅ ሁሉ መደበኛ በጀት ሊቈረጥለት ይገባል ብለን እናምናለን። ስለ በጀቱ የተጻፈውንም ሐተታ ከሁሉ አስቀድመን ያተምነው በዚህ ምክንያት ነው።