ኋላ የሚቆመው አምበል



በዛሬው የስፖርት ዓምዳችን ስለ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች እናወራለን። ይህ ሰው ጎል በማግባት የታወቀ አይደለም። ጎል እንዳይገባ በመከላከል ነው የታወቀው። ስሙ ሉካስ ራዴቤ ይባላል። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ማሽላ ሲያሸት ጠባቂው ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፉን ይዞ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል። ሲጮህ ድምፁ ይዘጋል። አዝመራው ሲገባ እህሉ ይሰፈራል። ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ ይባላል። ታዲያ ጠባቂው ያዳነው ስንት ነው? ይህን የሚሰፍር የለም። ወፍ ያልበላው እህል ለብቻው አይቆጠርማ!

የተከላካይ ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ቡድን ሜዳ ላይ 11 ተጫዋቾች አሉት። አንዱ በረኛ ነው። ከበረኛው ፊት የሚቆሙት ተከላካዮች ናቸው። የተጋጣሚው አጥቂ ኳስ ይዞ ሲመጣ ይጋፈጡታል። ኳሱን ይነጥቁታል። ከላይ የመጣውንም በቴስታ ያወጣሉ። በሬዲዮ ስሙ የሚጠራው ግን ጎል ያገባው ሰው ነው። የተከላካይ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው የተሳሳተ ዕለት ነው።

ልጅነቱ

ራዴቤ በ1969 ሶዌቶ ውስጥ ተወለደ። ሶዌቶ በጆሃንስበርግ ከተማ ጥግ ያለ የጥቁሮች መኖሪያ ነው። በዚያ ዘመን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በጥቂት ነጮች እጅ ነበር። ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲኖሩ በሕግ ያስገድድ ነበር። ይህ የዘር መድልዎ ሥርዓት አፓርታይድ ይባል ነበር። ትምህርት ቤቱ ለየብቻ ነበር። ሐኪም ቤቱም ለየብቻ ነበር።

በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በሰልፍ አደባባይ ወጡ። መንግሥቱ አፍሪካንስ በሚባለው የገዢዎቹ ቋንቋ ተማሩ ቢላቸው እምቢ አሉ። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ብዙ ልጆች ሞቱ። ራዴቤ ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በቅርቡ ፊደል የቆጠራችሁ አንባብያን ነገሩ በደንብ ይገባችኋል። ሰው በምን ቋንቋ እንደሚማር ቀላል ነገር አይደለም።

ሁከቱ ከዚያ በኋላም አልበረደም። ራዴቤ ጎረምሳ ሲሆን ወላጆቹ ሰጉ። ልጃችን በዚህ ነገር ይጠፋብናል ብለው ቦፑታትስዋና ወደሚባል ሥፍራ ላኩት። እዚያም ኳስ መጫወቱን ያዘ። ያኔ በረኛ ነበር።

በ1989 ካይዘር ቺፍስ የሚባለው ታላቅ ክለብ ወሰደው። ውሎ አድሮም ከበረኛነት ወጥቶ ተከላካይ ሆነ። በ1991 ግን ሊሞት ነበር። ሶዌቶ ውስጥ መንገድ ላይ ሳለ ሰው በጥይት መታው። ጥይቱ የከፋ ጉዳት ሳያደርስበት ቀረ። የተኮሰው ሰው አልተያዘም። ራዴቤ ድኖ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

የተዘጋው በር

አንድ ጎበዝ ተጫዋች ለአገሩ ቡድን መሰለፍ ይመኛል። የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ለምን? በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያንም አለንበት።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ተደረገ። ለውድድሩ የታሰቡት አገሮች አራት ነበሩ። እነሱም ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን አላሰልፍም አለች። ስለዚህ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ መጀመሪያ የምትገጥመው ከእሷ ጋር ነበር። ስለዚህ ሳትጫወት ለዋንጫ ደረሰች። በዋንጫው ጨዋታ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አጥብቀው ከያዙት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰውን በዘር የሚለይ አገር በዓለም ኳስ ውስጥ ቦታ የለውም ብለው ተከራከሩ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ማለትም ፊፋ፣ በ1976 ደቡብ አፍሪካን አስወጣት።

ውሳኔው ተገቢ ነበር። ዋጋም አስከፍሏል። በሩ ሲዘጋ የተበደሉት ጥቁር ተጫዋቾችም አብረው ተዘጋባቸው። ስንቱ ጎበዝ የአገሩን ማሊያ ሳይለብስ ጫማውን ሰቀለ።

ኔልሰን ማንዴላ በ1990 ከእስር ቤት ወጡ። የአፓርታይድ ሕጎች ተሻሩ። በሐምሌ 1992 ደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ ላይ ከካሜሩን ጋር ተጫወተች። 1 ለ 0 አሸነፈች። ራዴቤም በዚያ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሩ ተሰለፈ። ዕድሜው 23 ነበር። አቶ ይድነቃቸው ግን ይህን ቀን አላዩም። በ1987 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

እንግሊዝ አገር

በ1994 የእንግሊዙ ሊድስ ዩናይትድ ራዴቤን በ250 ሺህ ፓውንድ ገዛው። አብሮት ፊል ማሲንጋ የሚባል አጥቂ ሄደ። ክለቡ በይበልጥ የፈለገው አጥቂውን ነበር ይባላል። ተከላካዩ እንደ ምራቂ ነው የታየው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ለራዴቤ ከባድ ነበር። ጉልበቱን በጣም ተጎዳ። ብዙ ጊዜም ተቀምጦ አሳለፈ።

በሚያዝያ 1996 ሊድስ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ገጠመ። ጨዋታው ገና ሳይጋመስ የሊድስ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂ በረኛ አልነበረም። ማን ይግባ? ራዴቤ የበረኛውን ማሊያ ለብሶ ገባ። በልጅነቱ የተማረው ሥራ ያን ዕለት ጠቀመው። ኳስ እየያዘ፣ እየመለሰ ቆየ። ሊድስ በ10 ሰው ተጫውቶ የተሸነፈው 1 ለ 0 ብቻ ነው። ተሸንፎ የተመሰገነ በረኛ ብዙ አይገኝም።

በ1998 ሊድስ አምበል አደረገው። በክለቡ እስከ 2005 ቆየ። በሊጉ 200 ያህል ጊዜ ተሰለፈ። በእነዚያ ሁሉ የሊግ ጨዋታዎች ስንት ጎል ያገባ ይመስላችኋል? አንድም አላገባም! የከተማው ሰው ግን አለቃው እያለ ይጠራው ነበር። አንድ የሊድስ የሙዚቃ ጓድ እንኳ ስሙን ካይዘር ቺፍስ ብሎ አወጣ። ስሙ የራዴቤ የቀድሞ ክለብ ስም ነው።

የአገሩ አምበል

በ1996 የአፍሪካ ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። ራዴቤ ከጉልበቱ ሕመም ተነሥቶ ደረሰ። በዋንጫው ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ማንዴላም ስታዲየም ተገኝተው ነበር። የዚያን ዕለት የተከላካዮቹን መስመር ልብ በሉ። አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነበር። ማርክ ፊሽም ነጭ ነበር። ራዴቤ ጥቁር ነበር። በ1957 በአንድ ቡድን አይሰለፉም የተባሉት ሰዎች፣ ከ39 ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ጎል ጠበቁ።

ከቶቪ በኋላ አምበልነቱ ለራዴቤ ደረሰ። በ1998 ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ ስትሄድ የመራት እሱ ነው። ያኔ ከምድቧ አላለፈችም።

በ2002 እንደገና ሄዱ። ራዴቤ ከዚያ በፊት በጉዳት ከሜዳ ርቆ ከርሞ ነበር። ያም ሆኖ ተመልሶ አምበል ሆነ። ከፓራጓይ ጋር 2 ለ 2 ወጡ። ስሎቬኒያን 1 ለ 0 አሸነፉ። የመጨረሻው ጨዋታ ከስፔን ጋር ነበር። ስፔን 2 ለ 1 ስትመራ ራዴቤ ወደ ፊት ወጣ። ኳሱንም በቴስታ አገባ። 2 ለ 2! ግን ብዙ ሳይቆይ ስፔን ሦስተኛ ጎል ጨመረች። ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ።

የደቡብ አፍሪካና የፓራጓይ ነጥብ እኩል 4 ሆነ። ያገቡትና የገባባቸው ሲቀናነስም እኩል ሆነ። ፓራጓይ ግን በድምሩ 6 ጎል አግብታ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያገባችው 5 ነበር። ስለዚህ ፓራጓይ አለፈች። የራዴቤ ቡድን ለአንድ ጎል ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንድ ጎል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከተከላካይ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ራዴቤ ለአገሩ 70 ጊዜ ተሰልፏል። ያገባው 2 ጎል ነው። በ2000 ፊፋ የመልካም ጨዋታ ሽልማቱን ሰጠው። ሽልማቱ በሜዳ ላይ ዘረኝነትን በመቃወሙና የአገሩን ልጆች በመርዳቱ ነው። በ2001 ማንዴላ የሊድስን ከተማ ሲጎበኙ ራዴቤን ጀግናዬ ብለው ጠሩት። እንግዲህ ማንዴላ ይህን ያሉት 27 ዓመት ታስረው የወጡ ሰው ሆነው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በሬዲዮ ጨዋታ ስትሰሙ፣ ወይም በመንደራችሁ ሜዳ ልጆች ሲጫወቱ ስታዩ፣ አንድ ነገር አድርጉ። ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ኋላ የቆመውንም እዩት። ጨዋታው 0 ለ 0 ካለቀ፣ ምንም አልተሠራም አትበሉ። የሠራ ሰው አለ።

የቃላት ፍች

አምበል፦ የቡድን መሪ ተጫዋች። በክንዱ ላይ ምልክት ያስራል። ቡድኑን ወክሎ ከዳኛው ጋር ይነጋገራል።
ቴስታ፦ ኳስን በጭንቅላት መምታት።
ማሊያ፦ የተጫዋች ሹራብ።
መድልዎ፦ ሰውን ከሰው ለይቶ ማበላለጥ።

ለመወያያ

1. ራዴቤ ተከላካይ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? ይህስ መቼ ጠቀመው?
2. ደቡብ አፍሪካ በ1957 ለምን ከውድድሩ ወጣች?
3. በአካባቢያችሁ የማይቆጠር፣ ግን ቢጎድል የሚጎዳ ሥራ የሚሠራ ማን ነው? ተነጋገሩበት። ስሙንም በደብተራችሁ ጻፉ።