መምህሩን ያስቀደመ ምርጫ

በደሃና ወረዳ፣ በአምደ ወርቅም ሆነ ወደ ሰቆጣ ባለው ደጋ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ለሚወጣ ተማሪ ኮሌጅ መምረጥ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል መሙላትና የትምህርት ሚኒስቴርን ምደባ መጠበቅ ነው። እዚያ መድረሱም ቀላል አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ደሃና የሚገኝበት የዋግ ኽምራ ዞን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ትምህርት ካቋረጠባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከዚህ አገር የወጣ ልጅ ከባሕር ማዶ ሁለት ሦስት የቅበላ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ሲደርሰው፣ ነገሩ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ወላጆቹም መምህራኑም እልል ከማለት በቀር የሚመክሩት ይጠፋቸዋል። ሆኖም ለእንዲህ ያለው ምርጫ የሚሆን ጥሩ መመዘኛ ከአካባቢው ነባር የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል።

እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ከሚባሉት ተቋማት ነው። እነዚህ በአሜሪካ የተለመዱ፣ የተማሪዎቻቸው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሺህ የማይበልጥ፣ የማስተርስና የዶክትሬት መርሐ ግብር የሌላቸው ወይም እምብዛም የሌላቸው፣ የመምህራኖቻቸው ዋና ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ማስተማር የሆነ ኮሌጆች ናቸው፤ ተማሪው ገና ሲገባ በአንድ የትምህርት ክፍል አይመደብም፣ ሒሳቡንም ታሪኩንም ባዮሎጂውንም ፍልስፍናውንም ከቀመሰ በኋላ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ግድም ዋናውን መስክ ራሱ ይመርጣል። በ2012 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት፣ ሁሉም ተማሪ ሎጂክን፣ ሥነ ልቦናንና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ እንዲማር ሲያደርግ፣ የዚሁ አስተሳሰብ ዘመድ ነው። በአፍሪካም ፓትሪክ አዉዋ የተባሉ፣ ስዋርትሞር በሚባል የአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የተማሩ ጋናዊ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በጋና አሸሲ ዩኒቨርሲቲን መሥርተው ይህን አሠራር አስገብተዋል።

የደሃና ወላጅ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሐኪም ያደርገዋል ወይ?» የሚል ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ሕክምና በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ በአሜሪካ ግን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው አስቀድሞ ዲግሪ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ለውጭ አገር ዜጋ ያ ሁለተኛው በር ጠባብ ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ መስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ነበር የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው ሆዋርድ አልፈው በ1935 እ.ኤ.አ. በሕክምና የተመረቁት። ሆዋርድ ከትውልደ አፍሪካውያን ጋር ያስተሳሰራቸው ሲሆን፣ በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያሰባሰበው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እንዲመሠረት ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። የእሳቸው መንገድ የሚያሳየው፣ የሚመረጠው ቤት ከሙያው በተጨማሪ ተማሪው ከማን ጋር እንደሚውል የሚወስን መሆኑን ነው።

ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን አጥብቆ ያውቀዋል። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋድላ ወይም አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ጉባኤ ቤቶች ይሄዳል፤ አኮፋዳውን አንግቶ የሚነሣው ተማሪ አስቀድሞ የሚያጣራውም የኔታ ማን እንደሆኑ፣ ስንት ደቀ መዝሙር እንደያዙ፣ ሲያርሙ ደግሞ እንዴት እንደሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር፣ እሳቸው ስሕተቱን በጓደኞቹ ፊት እዚያው ነቅሰው ያወጡለታል፤ ምሥጢሩ ካልሰመረም መልሰው ያስቆጥሩታል። የእነዚህ ቦታዎች ስም የገነነው እንዲህ ባሉ መምህራን ነው፤ መምህሩ ሲያልፉ ደግሞ ተማሪው ጎጆውን ትቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይነሣል። በሁለት ኮሌጆች መካከል የሚያመነታ ተማሪም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ይቀመጣል፣ ድርሰቱን አንብቦ የሚያርመው ማን ነው፣ አንድ አማካሪ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል። የኮሌጆች የደረጃ ሰንጠረዥ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ቀጭን ነው፤ ለኮሌጁ መምህር በቀጥታ መጻፍ ግን ይቻላል፣ መልሱ የመጣበት ፍጥነትና አክብሮትም ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ከመምህሩ ቀጥሎ የሚመዘነው ገንዘቡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የዓመት ወጪው 80,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ 60,000 ቢሰጥ፣ ሌላው ደግሞ ከ52,000 ላይ 50,000 ቢሰጥ፣ ትልቁ ስጦታ ያለው የመጀመሪያው ቢመስልም በዓመት 20,000 ዶላር ጉድለት ይተዋል፤ ያ ገንዘብ በደሃና ገብስና ፍየል ሸጦ የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ መነበብ ያለበት የቀረው ነው፦ ምግብና ዶርም ተካትቷል ወይ፣ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬትስ፣ ብድር በስጦታ ስም ገብቶ እንደሆነ፣ ድጋፉ ለአራቱም ዓመት የጸና መሆኑ፣ ታኅሣሥ ላይ ዶርሙ ሲዘጋ የውጭ ተማሪው የት እንደሚያድር። በኬንታኪ ያለው ቤርያ ኮሌጅ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ቤት ስሙ ከገነነው ግን ጉድለት ከሚተወው በብዙ ይሻላል። ጉድለቱ ቪዛም ያሳጣል፤ ኮሌጁ የሚልከው አይ-20 የተባለው ቅጽ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ ክፍተቱ ጎልቶ ይታያል።

ለአሜሪካ ኮሌጆች የተለመደው የመልስ ቀን ሜይ 1፣ ማለትም የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል የሚከበርበት ሚያዝያ 23 ነው፤ አገር አቀፉ ፈተና ደግሞ ገና ከፊት ነው። ጊዜው አጭር፣ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ከተማሪውና ከወላጆቹ ጋር መስመር በመስመር የሚያነብ አንድ መምህር ቢመድብ ለወረዳው ትልቅ ውለታ ነው። መልሱን የሰጠ ተማሪም ፈተናውን በሙሉ ልቡ ሊወስድ ይገባዋል፤ ቪዛ ሊከለከል ይችላል፣ ያን ጊዜ በወልዲያ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚያስገኝለት ያ ውጤት ነው።