ኪሱን ሳልፈትሽ

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴን ሱሪ ኪሱን ሳልፈትሽ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ሲቆም ሁለት ባትሪዎች ከሥር አገኘሁ፤ እሱና ልጃችን የሚጫወቱባት የሪሞት መኪና ባትሪዎች ነበሩ። “አድርቄ ቦታቸው ብመልሳቸው ማን ያውቃል?” አልኩ በልቤ።

ሆኖም መደበቁ ስለከበደኝ ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ቀጥሎ ግን አንዱን አንሥቶ አሳየኝ። ይህ የሊቲየም ባትሪ እንደ ባትሪ ድንጋይ ጠንካራ የብረት ሽፋን የለውም፤ የተሸፈነው በስስ ፎይል ነው። ከተጎዳ ወይም ውሃ ከገባበት ሾርት ሊያደርግ፣ ቻርጅ ሲደረግም ሊያብጥና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ደረቅ አሸዋ በያዘ ጣሳ ከቤት ውጭ አስቀመጥናቸው፤ ዳግመኛም ቻርጅ አናደርጋቸውም።

ዝም ብል ኖሮ ልጄ ማታውኑ ይሰካቸው ነበር! ይህን ሳስብ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ባለቤቴም፣ “ኪሴን ሳላራግፍ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ” አለኝ። አሁን ማሽኑ አጠገብ ትንሽ ቅርጫት አለች፤ እያንዳንዱ ኪሱን እዚያ ያራግፋል።

እህቶቼ፣ ጥፋታችሁን ሳይውል ሳያድር ተናገሩ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ስትሰሙ ቶሎ አትቆጡ፤ ቁጣ የሚፈራበት ቤት ብዙ ነገር ይደበቅበታልና።