የነካ ሁሉ አልወደደም

በቅርቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። በኀፍረት ድምፁን ላጠፋ ስጣደፍ ጣቴ መልእክቱን ነካው፤ የአንድ ሱቅ የቅናሽ ማስታወቂያ ተከፈተ። ወዲያው ዘጋሁት። በላኪው መዝገብ ግን መልእክቱን ወድደው ከከፈቱት ጋር እኩል ተቆጠርሁ።

አፕል በ2009 (እ.ኤ.አ.) ይህን የመልእክት መንገድ ለአይፎን መተግበሪያዎች ከከፈተ ወዲህ ላኪዎች ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ተከፈተ እያሉ ይቆጥራሉ፤ ከቁጥሩም ግራፍ ይስላሉ። መቁጠሩን አልነቅፍም። የምነቅፈው ቁጥሩን የልብ ምስክር ማድረግን ነው።

እስቲ እናስላው። መልእክቱ ለ1,000 ሰዎች ደርሶ 50ዎቹ ቢከፍቱት 5 በመቶ ነው። በማግስቱ ወር 400ዎቹ ተሰላችተው ማሳወቂያውን ቢያጠፉትና ከቀሩት 600 ሰዎች 42ቱ ቢከፍቱት 7 በመቶ ይሆናል። ከፋቹ ቀንሶ፣ 400 ሰው ሸሽቶ፣ መስመሩ ሽቅብ ወጣ! የሸሹት ከስሌቱ ታሕት ስለ ወጡ ግራፉ አያውቃቸውም። በአንጻሩ፣ መልእክቱን በተቆለፈ ስልኩ ገጽ ላይ አንብቦ የተጠቀመበት ሰው ሳይከፍተው በመቅረቱ ብቻ ዝም እንዳለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከከፋቾቹ መስመር ጎን ማሳወቂያውን ያጠፉት ሰዎች መስመር ይሰመር እላለሁ። በር ስለ ተከፈተለት ብቻ የተወደደ እንግዳ የለም።

እኔም ከለቅሶ ቤት እንደ ወጣሁ ማሳወቂያውን አጠፋሁት። እውነተኛው መልሴ ይህ ነበር።