ከሌዘር በፊት ሲባጎ፦ በሊማሊሞ ቁልቁለት ለሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች የአላይመንት መሣሪያ ምርጫ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ በኩል ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ አሽከርካሪ መሪውን የሚያሳርፍበት ቀጥ ያለ መንገድ እምብዛም አያገኝም። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገደሉን ተከትሎ የተሠራው መንገድ ከብርዳማው ደጋ ወደ ሞቃቱ ቆላ እያጠማዘዘ ያወርዳል። በሜዳ ላይ «ትንሽ ይስባል» ተብሎ የሚታለፍ መኪና በዚህ ቁልቁለት አሽከርካሪውን በየኩርባው ያታግለዋል፤ ጎማውንም ያለጊዜው ይጨርሳል። የጎማ አላይመንት እዚህ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ማሽን ወዳለው ትልቅ ጋራዥ መውሰድ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ የተስተካከለ መኪናም ነገ አንድ ክፉ ጉድጓድ ሊያዛንፈው ይችላል። ስለዚህ የመኪና ባለቤትም ሆነ የትንሽ ጋራዥ መካኒክ በራሱ መለካት መቻሉ ተገቢ ነው። ክርክሩ ያለው በየትኛው መሣሪያ ይጀመር በሚለው ላይ ነው። ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያና ቀይ ጨረር የሚረጭ ሌዘር ዐይን ይስባሉ፤ ሲባጎና ሜትር ግን የድኻ መፍትሔ ይመስላሉ። ይህ አመለካከት መታረም አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የውድድር መኪና ዓለም ነው። ገንዘብ የማያጥራቸው የውድድር ቡድኖች ሳይቀሩ በውድድር ሜዳ ላይ መኪናቸውን የሚያስተካክሉት በግራና በቀኝ በተወጠረ ሲባጎ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲባጎው ከመኪናው መካከለኛ መሥመር ጋር ትይዩ ሆኖ ከተወጠረ የእያንዳንዱን ጎማ አቅጣጫ ለየብቻ ያሳያል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ብቻ የሚለካ ዘንግ ወይም ሰሌዳ ግን ድምሩን እንጂ የትኛው ጎማ እንደዛነፈ አይናገርም፤ የኋላው አክስል መጣመሙንም አያሳብቅም።

የሲባጎው ትክክለኛነትም እንደሚታሰበው ዝቅተኛ አይደለም። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ዲያሜትሩ 381 ሚሊ ሜትር ነው። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዙ ያለው ርቀት በ1 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ጎማው 0.15 ዲግሪ ያህል ዞሯል ማለት ነው። ይህ ለዐይን ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን 1 ለ 381 ማለት ጎማው በሚጓዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2.6 ሜትር ያህል ወደ ጎን ሊሄድ ይፈልጋል ማለት ነው፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይጎትተዋል። በዚህ ትግል የሚፋቀው ላስቲኩ ነው። ባለ ሚሊ ሜትር የብረት ማስመሪያ ይህንን ልዩነት በቀላሉ ያነባል።

አሁን ዲጂታሉን መለኪያ እንመልከት። የጎማውን ወደ ጎን ማዘንበል፣ ማለትም ካምበርን፣ እስከ 0.1 ዲግሪ እያነበበ ያሳያል። ይሁንና የሚለካው ከምድር ስበት አንጻር ስለሆነ መኪናው የቆመበት ወለል ውኃ ልክ መሆን አለበት። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ቢኖርና አንደኛው ወገን በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል ንባቡ በ0.38 ዲግሪ ይሳሳታል። በዳገት ላይ በተመሠረተች ከተማ፣ በአፈር ግቢ ውስጥ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ምንም ማለት አይደለችም። መሣሪያው በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ገዢውም ያምነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለወለሉ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ከፍታ በሚገባ ያስተካክላል፤ ዝቅ ያለውን በሴራሚክ ቁራጭ ወይም በጠፍጣፋ ብረት መሙላት ነው። ከዚያ አራት ማቆሚያ፣ የማይለጠጥ ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ ቱምቢ፣ በመካከላቸው ግራሶ የተቀባ ሁለት ሁለት ለስላሳ ቆርቆሮ ለፊት ጎማዎቹ ሥር። ቆርቆሮው ጎማው ሲዞር መሬቱን እንዳይነክስ ያደርጋል። ሲባጎው በጎማው እምብርት ከፍታ ይወጠራል፤ ከፊት እምብርቶች ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል፣ ከኋላዎቹም እንዲሁ እኩል መሆን አለበት። የፊትና የኋላ ስፋት በብዙ መኪኖች ስለሚለያይ የፊቱን ከኋላው ጋር ማመሳሰል ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚቀድም ግን መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ፣ መኪናውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፎ መወዝወዝ ነው። ኩሽኔታው፣ ቦል ጆይንቱ ወይም የታይሮዱ ጫፍ ከላላ የትኛውም ልኬት ዋጋ የለውም። (መንገዱን የሠሩት ሰዎች ከሄዱ ስንት ዘመን ሆነ፤ ቸርኬ፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ ግን ከነስማቸው በጋራዡ ቀርተዋል።)

የመኪናው ዓይነትም ምርጫውን ይወስናል። የፊት አክስሉ ወጥ ብረት የሆነ የጭነት መኪና በተራ ጋራዥ የሚስተካከለው በታይሮዱ በኩል ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለው ባለንብረት የካምበር መለኪያ መግዛት ሊያስተካክለው የማይችለውን ነገር ለማወቅ መክፈል ነው። ካምበሩ የሚስተካከል ሚኒባስ ያለው ሰው ግን ወለሉን ካስተካከለ በኋላ ዲጂታሉን ቢገዛ ይጠቀምበታል። ሌዘር በጣሪያ ሥር ያገለግላል፤ በደጋው የቀትር ፀሐይ ግን ነጥቡን መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሲባጎም እንከን አለው። ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲያልፉ እግር ይነካዋል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተጋጨ መኪናም ሁሉንም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ከፋብሪካው ልክ ጋር የሚያነጻጽረው ማሽን ያስፈልገዋል፤ እዚያ ላይ በሲባጎ መከራከር ግትርነት ነው። ለዘወትሩ ሥራ ግን የመሣሪያ ብቃት መመዘኛው ቁጥሩ ስንት አሐዝ አለው የሚለው ሳይሆን ያንኑ መኪና ሁለት ጊዜ ሲለኩት ያንኑ መልስ ይሰጣል ወይ የሚለው ነው። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ አሥሮ፣ እንደገና መለካት ይገባል። ሁለቱ ንባቦች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ ታይሮዱን ከመንካት በፊት አወጣጠሩን መመርመር ይሻላል።

የአውቶሞቲቭ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ይህንን ልምምድ በማሽን ከሚሰጠው ትምህርት አስቀድመው ቢሰጡ ተመራቂው ማሽን በሌለበት ወረዳም ሥራ አይፈታም። ለልምምዱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ አንድ ደብተር ነው፦ ከማስተካከያው በፊት የተገኘው ልኬት፣ በኋላ የተገኘው፣ የዕለቱ ኪሎ ሜትር ንባብ፤ ከዚያም መኪናው ሊማሊሞን ወርዶና ወጥቶ ሲመለስ በዚያው ሲባጎ የተወሰደው ሦስተኛው ልኬት።